የካፒቶል ሕንፃ ስፌቶች፦ ለአንድ የጉብኝት ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ዋሽንግተኑ ካፒቶል በአማርኛ የተጻፈ አንድ የጉብኝት ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ቆይቷል። ጽሑፉ ቅን ነው። አንባቢው በር ላይ ፎቶ ተነሥቶ ከመመለስ ይልቅ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ ይመክራል፤ በዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ከያዛቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ግን የተሳሳቱ ናቸው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። ካፒቶል የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚሠሩበት ነጭ ቤት ነው። ዊልያም ቶርንተን የተባለ አርክቴክት ነድፎ በሰባት ዓመት አስጨርሶታል፤ ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱም እብነ በረድ ነው። ጉልላቱ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል የቀጠለው በሊንከን ትእዛዝ ነው። ከጉልላቱ የሚረዝም ሕንፃ በከተማዋ እንዳይሠራ ሕግ ይከለክላል። በአናቱ የቆመችውን ሐውልት አንድ ባሪያ ብቻውን ሠርቶ፣ ገና በባርነት ሳለ ሰቅሏታል። አንደኛው አዳራሽ ለስለላ ታስቦ ተሠርቷል። ጆርጅ ዋሽንግተን ከሥሩ ተቀብሯል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግግር ያደረጉት ከጉልላቱ ሥር ቆመው ነው። ለመግባት ደግሞ የአሜሪካ ዜግነትና ክፍያ ያስፈልጋል።

በዋሽንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣባቸው አስጎብኚ የሚሆኑት ራሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ የተጻፈ ስሕተት ነገ ከአንድ አጎት ወይም ከአንዲት አክስት ፊት እንደ እውነት ይነገራል። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እናያለን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማን ቤት ነው?

ካፒቶል የኮንግረስ ቤት ነው። በሰሜን ክንፉ ሴኔቱ፣ በደቡብ ክንፉ የተወካዮች ምክር ቤቱ ይሰበሰባሉ። ፕሬዚዳንቱ የሚኖሩበትና የሚሠሩበት ዋይት ሐውስ ሌላ ሕንፃ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት አለ። ጉልላት ያለው ካፒቶል ነው፤ ዋይት ሐውስ ጉልላት የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የራሱን ሕንፃ እስካገኘበት እስከ 1935 ድረስ ጉዳዮችን የሚሰማው እዚሁ ካፒቶል ውስጥ ነበር።

አንድ አርክቴክት፣ ሰባት ዓመት

ቶርንተን ውድድሩን ማሸነፉ እውነት ነው። በ1792 ለወጣው ውድድር የተመደበው ሽልማት 500 ዶላርና በአዲሲቱ ከተማ አንድ ቁራሽ ቦታ ነበር። ቶርንተን ግን በትምህርቱ ሐኪም ነው፤ የተወለደው በካሪቢያን ደሴቶች ሲሆን ንድፉን ያስገባውም የመጨረሻው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ንድፉን ወደደለት፤ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1793ም የመሠረቱን ድንጋይ አኖረ። (ይህ ድንጋይ የት ላይ እንዳለ ዛሬም አልተገኘም።)

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የአንድ ሰው አይደለም። ሁለተኛ የወጣው ፈረንሳዊው ሃሌት ግንባታውን እንዲከታተል ተቀጠረ፤ ንድፉን ሊቀይር ሲሞክር ተሰናበተ። ጆርጅ ሃድፊልድ ተተካ፤ ከእሱ በኋላ ሥራውን የተረከበው የዋይት ሐውስ አርክቴክት ጄምስ ሆባን ነው። ኮንግረስ በኖቬምበር 1800 ሲገባ ያለቀው ሰሜናዊው ክንፍ ብቻ ነበር። የጽሑፉ «ሰባት ዓመት» ይህችን አንዲት ክንፍ ይገልጽ እንደሆነ እንጂ ሕንፃውን አይገልጽም። በ1803 ፕሬዚዳንት ጀፈርሰን ቤንጃሚን ላትሮብን ሾመ። ላትሮብ ደቡባዊውን ክንፍ ሠራ፤ በሁለቱ ክንፎች መካከል ግን የእንጨት መተላለፊያ ብቻ ነበር። ዛሬ ጉልላቱ የቆመበት ቦታ በዚያን ጊዜ ባዶ ሜዳ ነበር ማለት ነው።

ላትሮብ የእንጨት ወለልና ጣሪያ እሳት እንደሚበላው ስላወቀ ከጡብና ከድንጋይ ቅስት መሥራትን መረጠ። ምርጫው ሰው አስከፍሏል። በሴፕቴምበር 1808 የሥራው ተቆጣጣሪ ጆን ሌንታል ቅስቱን የያዘውን የእንጨት ድጋፍ ሲያስነሣ ቅስቱ ተደርምሶ ገደለው። ግንበኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው፤ ግፊቱን የሚቀበል በቂ ግድግዳ ከሌለ ወይም ኖራው ሳይጠና ድጋፉ ከተነሣ የሚይዘው ነገር የለም። ያም ሆኖ ላትሮብ አልተሳሳተም ነበር። ኦገስት 24 ቀን 1814 የእንግሊዝ ወታደሮች የቤት ዕቃውን ከምረው ሕንፃውን ሲያቃጥሉ፣ በእንጨት የተሠራው ክፍል ሲወድም የድንጋይ ቅስት የነበራቸው መተላለፊያዎች ተርፈዋል። ላትሮብ በ1809 በአሜሪካ በቆሎ አምሳል ያስቀረጻቸው የአምድ ራሶች ከእሳቱ ያመለጡት በዚህ ምክንያት ነው። በሰሜን ክንፍ ታችኛው መግቢያ ዛሬም ቆመዋል፤ የበቆሎው ፍሬና ቅጠል ጥርት ብሎ ይታያል።

ከቃጠሎው በኋላ ላትሮብ በድጋሚ ገንብቶ በ1817 ሥራውን ለቀቀ። ቻርልስ ቡልፊንች መሀሉን ሞልቶ ሁለቱን ክንፎች አገናኘ፤ በላዩም ከእንጨት የተሠራና መዳብ የለበሰ ጉልላት አቆመ። አገሪቱ እየሰፋች የእንደራሴዎቹ ቁጥር ሲጨምር ደግሞ በ1851 ቶማስ ዋልተር ሁለቱን ትልልቅ ክንፎች ጀመረ። የተወካዮች ምክር ቤት ወደ አዲሱ አዳራሽ የገባው በዲሴምበር 1857፣ ሴኔቱ በጃንዋሪ 1859 ነው። በምዕራብ በኩል ሕንፃው ከኮረብታው የሚንሸራተት ይመስል ስለነበር ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ የነደፈው የእብነ በረድ እርከን ከ1884 እስከ 1892 ተሠራለት። ከመጀመሪያው ድንጋይ እስከዚህ ድረስ አንድ መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

ሁሉም እብነ በረድ ነው ስለተባለው

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ይህን አምኖ የገባ ሰው ሕንፃውን ማንበብ አይችልም። ካፒቶል ሦስት ዋና ዋና ነገሮች የተገናኙበት ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው መካከለኛ ክፍል አሸዋ ድንጋይ፣ የዋልተር ክንፎች እብነ በረድ፣ ጉልላቱ ብረት። የሕንፃው ታሪክ ያለው እነዚህ በሚገናኙባቸው ስፌቶች ላይ ነው።

አሸዋ ድንጋዩ የመጣው ከቨርጂኒያ፣ ከአኩያ ክሪክ ነው። መንግሥት የድንጋይ ማውጫ ደሴቱን በ1791 ገዛው፤ ድንጋዩ በፖቶማክ ወንዝ በጀልባ ይመጣ ነበር። ይህ ድንጋይ ለመቅረጽ የሚመች ለስላሳ ነው፤ ጉዳቱም ከዚያው ይጀምራል። ውኃ ይመጥጣል፤ በውስጡ የሸክላ አፈር እንክብሎች አሉበት። እንክብሉ ሲታጠብ ድንጋዩ ይቦረቦራል፤ የመጠጠው ውኃ በክረምት በረዶ ሲሆን ደግሞ ፊቱ እየተፈረካከሰ ይወርዳል። ጥንታዊው ክፍል በነጭ ቀለም መቀባቱ ለውበት ብቻ አልነበረም፤ ቀለሙ ድንጋዩን ከውኃ የሚከላከል ልብስ ጭምር ነው። ከሩቅ ሁሉም አንድ ዓይነት እብነ በረድ የሚመስለው በዚህ ቀለም የተነሣ ነው።

ጽሑፉ ያልጠቀሰው አንድ ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ከድንጋይ ማውጫው ጀምሮ እስከ ግንቡ ድረስ ብዙውን ከባድ ሥራ የሠሩት በባርነት የነበሩ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። ድንጋይ ፈለጡ፣ እንጨት ሰነጠቁ፣ ጡብ ሠሩ። የዘመኑ የክፍያ መዝገቦች እንደሚያሳዩት ኪራዩ፣ በወር አምስት ዶላር ገደማ፣ የሚከፈለው ለባለቤቶቻቸው ነበር። ከቀድሞው ምሥራቃዊ ፊት የተነሣ አንድ የአኩያ ክሪክ ድንጋይ በ2012 ለእነሱ መታሰቢያ ተደርጎ በጎብኚዎች ማእከሉ ትልቅ አዳራሽ ቆሟል። የመዶሻውና የመሮው ምት በፊቱ ላይ ይታያል። አዳራሹም የነጻ መውጣት አዳራሽ ተብሎ በሕግ የተሰየመው ስለዚሁ ነው።

የዋልተር ክንፎች የለበሱት ከማሳቹሴትስ፣ ከሊ ከተማ የመጣ እብነ በረድ ነው፤ አምዶቹ ግን የሜሪላንድ እብነ በረድ ናቸው። ሁለቱን ለማየት ጎን ለጎን መቆም ይበቃል። ሌላ እብነ በረድ ደግሞ በውስጥ አለ፤ ላትሮብ ከቃጠሎው በኋላ ለሁለቱ አዳራሾች የመረጠው የፖቶማክ ድንጋይ ነው። የተለያየ ቀለም ያላቸው ጠጠሮች በአንድ ላይ የረጉበት ይመስላል። በስታቹዋሪ አዳራሽ (ዛሬ ሐውልቶች በቆሙበት የቀድሞ የተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ) ዙሪያ የቆሙት ዥጉርጉር አምዶች ከዚህ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙ ጎብኚ ሐውልቶቹን ብቻ ሲያይ አምዶቹን ሳያያቸው ያልፋል።

ዛሬ በምሥራቅ በኩል የሚታየው የመካከለኛው ፊት ደግሞ የጥንቱ አይደለም። ዋልተር ያቆመው ጉልላት ከቀድሞው ስለሚሰፋ፣ የጉልላቱ ሥር ከምሥራቁ ደጀ ሰላም በላይ ወጣ ብሎ ደጋፊ የሌለው ይመስል ነበር። ይህ ቅር ያሰኘው ዋልተር ራሱ ምሥራቃዊው ፊት ወደፊት እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የተፈጸመው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከ1958 እስከ 1962 ነው። አዲሱ ፊት 10 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ወጥቶ በጆርጂያ እብነ በረድ ተሠራ። አሮጌው የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳ አልፈረሰም፤ በውስጥ ቀርቶ የመተላለፊያ ግድግዳ ሆነ። በምዕራብ በኩል ግን ጥንታዊው ግድግዳ ከ1983 እስከ 1987 ባለበት ታደሰ፤ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ድንጋይ በኢንዲያና የኖራ ድንጋይ ተተካ።

ጉልላቱ

ጉልላቱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጋር በቡሎን የታሰረ። ክብደቱ ከ4,000 ቶን በላይ ነው፤ የወጣበትም ወጪ 1,047,291 ዶላር ነበር። ከምሥራቅ በኩል ከመሬት እስከ ሐውልቷ ጫፍ 88 ሜትር ይደርሳል።

ለምን ብረት ሆነ? መልሱ እሳት ነው። በ1851 የገና ዋዜማ፣ ያኔ በካፒቶል ውስጥ የነበረው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሎ 35,000 ያህል መጻሕፍት ጠፉ። የቡልፊንች ጉልላት እንጨት ስለነበር እሳቱ ወደ ላይ ቢዘልቅ ኖሮ ሕንፃው ባልተረፈ ነበር። ዋልተር ቤተ መጻሕፍቱን መልሶ ሲሠራ መደርደሪያውንም ጣሪያውንም ከብረት አደረገው። በዚያ የተማረውን ነው ወደ ጉልላቱ ያመጣው። ኮንግረስ በማርች 1855 ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት አሮጌው ጉልላት መነሣት ጀመረ። ከጉልላቱ ሥር ካለው ክብ አዳራሽ፣ ከሮቱንዳው ወለል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ፖንቴ ተሠራ፤ ብረቱን የሚያነሣው የእንፋሎት ሞተር ከአሮጌው ጉልላት የወጣውን እንጨት እየማገደ ይሠራ ነበር።

አሠራሩን መረዳት ለሚፈልግ ሦስት ነገሮች ይበቁታል። አንደኛ፣ ጉልላቱን የሚሸከሙት 36 የብረት አጥንቶች ናቸው። ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚታየውና ከውስጥ የሚታየው ሁለት የተለያዩ ሽፋኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ሰው በደረጃ የሚወጣበት ክፍተት አለ። ከሮቱንዳው ወለል ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚታየው የውስጡ ነው፤ በውስጠኛው ሽፋን አናት ላይ ባለው ክብ ቀዳዳ በኩል ደግሞ፣ 55 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ኮንስታንቲኖ ብሩሚዲ በ1865 በእርጥብ ልስን ላይ የሳለው ሥዕል ይታያል። ሥዕሉ 433 ካሬ ሜትር ያህል ሲሆን በ11 ወር አልቋል። ልስኑ ሳይደርቅ መቀባት ስላለበት ሠዓሊው በየቀኑ መጨረስ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚያስለስነው። ሦስተኛውና የሚያስደንቀው፣ ከውጭ ዙሪያውን የከበቡት 36 አምዶች ከድንጋዩ ግድግዳ ክብ ውጭ መቆማቸው ነው። የቡልፊንች ግድግዳ ለዚያ ስፋት አይበቃም ነበርና፣ አምዶቹ በግንቡ ውስጥ በተቀበሩ የብረት ክንዶች ላይ እንዲያርፉ ተደረገ። ክንዶቹን የሚሸፍነው ከአምዶቹ በታች ያለው ቀሚስ መሰል ክፍል ድንጋይ ይመስላል፤ እሱም ብረት ነው።

ብረት በበጋ ይለጠጣል፤ በክረምት ይኮማተራል። መገጣጠሚያዎቹ ሲላቀቁ ውኃ ይገባል፤ ውኃ ዝገት ያመጣል፤ ዝገት ደግሞ ሲያብጥ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ከ2014 እስከ 2016 በተደረገው እድሳት ከ1,300 በላይ ስንጥቆች ተጠግነዋል። ለምን አልተበየዱም ለሚል፣ ይህ ዓይነቱ ብረት ካርቦን ስለሚበዛበት ተሰባሪ ነው፤ የብየዳው ሙቀት አንዱን ስንጥቅ ሲዘጋ ከጎኑ ሌላ ይከፍታል። ስለዚህ ስንጥቁ ያለ እሳት ተሰፋ። በስንጥቁ መስመር ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ይበሳል፤ ጥርስ ያላቸው የብረት ካስማዎች ይጠመዘዙበታል፤ ስንጥቁን አቋርጠው የሚይዙ ቁልፎች ይገቡበታል፤ ከዚያ ተሞርዶ ይቀባል። ስፌት ያልነው ነገር እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

የሊንከን ትእዛዝ

በሜይ 1861፣ ጦርነቱ እንደ ተጀመረ፣ የግንባታው ኃላፊ ካፒቴን ሞንትጎመሪ ሜግስ ሥራው እንዲቆም ለተቋራጩ አሳወቀ፤ ገንዘብም አይከፈልም አለ። ሥራውን ያላቆመው ተቋራጩ፣ የኒው ዮርኩ ጄንስ፣ ፋውለርና ከርትላንድ ድርጅት ነው። ምክንያቱም ቀላል ነበር፤ ከግማሽ ሚሊዮን ኪሎ በላይ የሆነ ብረት በግቢው ተከምሮ ነበር፤ ትተውት ቢሄዱ ይጠፋል ወይም ይበላሻል። አንድ ዓመት ያህል ያለ ክፍያ ሠሩ። በዚያን ጊዜ ወታደሮች በአዳራሾቹ ያድሩ፣ በምድር ቤቱም በተሠሩ ምድጃዎች ዳቦ ይጋገር ነበር። በ1862 ኮንግረስ ሥራው እንዲቀጥል ፈቀደ። ሊንከን የጉልላቱን መቀጠል የአገሪቱ መቀጠል ምልክት አድርጎ እንዳየው ሰዎች ኋላ መስክረውለታል፤ ይህ ግን ከትእዛዝ ይለያል። ክብሩ ያለ ደመወዝ ቡሎን ሲያጠብቁ ለከረሙት ሠራተኞች ይገባል።

የከፍታ ሕግ

ይህ አባባል በከተማዋ ነዋሪዎች ዘንድም የተለመደ ስለሆነ ጸሐፊውን ብቻውን አንወቅሰውም። የዋሽንግተን የከፍታ ሕግ የካፒቶልን ጉልላት እንደ መለኪያ አይጠቅስም። ሕጉን ያስነሣው በ1894 በኪው ጎዳና ላይ የተሠራው 50 ሜትር የሚሆነው የካይሮ ሕንፃ ነው። የእሳት አደጋ መሰላል የማይደርስበት ሕንፃ ሲቆም ነዋሪው ደነገጠ፤ በ1899 ገደብ ወጣ፤ በ1910 ተሻሻለ። የ1910ሩ ሕግ ልኬት የመንገዱ ስፋት ነው። በንግድ ጎዳና ላይ የሕንፃው ቁመት ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ሲደመር 6 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ መንገዱ የፈለገውን ያህል ቢሰፋም ጣራው 40 ሜትር ያህል ነው፤ በፔንሲልቬኒያ ጎዳና ከፊል ብቻ ወደ 49 ሜትር ይፈቀዳል። ከጉልላቱ የሚረዝሙ ሥራዎችም በከተማዋ አሉ። የዋሽንግተን ሐውልት 169 ሜትር፣ የድሮው ፖስታ ቤት ማማ 96 ሜትር፣ ትልቁ የካቶሊክ ባሲሊካ 100 ሜትር ያህል ነው።

ሐውልቷና ፊሊፕ ሪድ

ጽሑፉ ፊሊፕ ሪድን ማንሣቱ ደስ ያሰኛል፤ ብዙዎች ስሙን እንኳ አያነሡም። ታሪኩ ግን በትክክል ይነገርለት። ሐውልቷን የቀረጸው ሮም የነበረው ቶማስ ክሮፎርድ ነው። ቀደም ብሎ ባቀረበው አንድ ንድፍ በራሷ ላይ ነጻ የወጡ የሮም ባሮች የሚያደርጉትን ቆብ ደፍታ ነበር፤ ያኔ የጦር ሚኒስትር የነበረው፣ ኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች መሪ የሆነው ጀፈርሰን ዴቪስ ቆቡን ተቃወመ። ላባና የንስር ራስ ያለበት የራስ ቁር የተተካው በዚህ ምክንያት ነው።

የጄሶው ሞዴል በመርከብ መጥቶ ዋሽንግተን ላይ ተገጣጠመ። ወደ ነሐስ ማቅለጫ ሊወሰድ ሲል፣ የገጣጠመው ጣሊያናዊ ሠራተኛ ክፍያ ካልተጨመረለት መገጣጠሚያው የት እንደሆነ አላሳይም አለ። መገጣጠሚያው በልስን ተሸፍኗል። ዘዴውን ያገኘው በማቅለጫው ባለቤት በክላርክ ሚልስ እጅ በባርነት የነበረው ሪድ ነው። በሐውልቷ አናት ባለው የብረት ቀለበት ገመድ አስገብቶ በመዘውር በቀስታ ሳበ፤ ክብደቱ ሲጎተት በየመገጣጠሚያው ቀጭን ስንጥቅ ታየ። በአምስት ተለያይታ ተወሰደች። ሪድ በማቅለጫው ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሠርቷል፤ ከቅርጹ ሥር እሳት ሲጠብቅ ለዋለባቸው 33 እሑዶች በቀን 1.25 ዶላር ሒሳብ 41.25 ዶላር ተከፍሎታል። የሌሎቹን ቀናት ደመወዝ የወሰደው ሚልስ ነው።

ብቻውን ሠራት ማለት ልክ አይደለም፤ በባርነት ሳለ ሰቀላት ማለትም እንዲሁ። በዋሽንግተን ያሉ ባሮች በሕግ ነጻ የወጡት ኤፕሪል 16 ቀን 1862 ነው። የሐውልቷ የመጨረሻ ክፍል ከጉልላቱ ላይ የተቀመጠው ዲሴምበር 2 ቀን 1863 ነው። ሐውልቷ ስትቆም ሪድ ነጻ ሰው ነበር። 5.9 ሜትር ቁመትና 6.8 ቶን ያህል ክብደት አላት። የጄሶው ሞዴል በጎብኚዎች ማእከሉ ስለቆመ፣ ከታች በዓይን የማይለየውን የፊቷን ዝርዝር እዚያ በቅርብ ማየት ይቻላል።

ሹክሹክታው፣ መቃብሩ፣ ሐውልቶቹ

ስታቹዋሪ አዳራሽ ለስለላ አልተሠራም። እስከ 1857 ድረስ የተወካዮች ምክር ቤት የሚሰበሰብበት አዳራሽ ነበር። ጣሪያው ግማሽ ጉልላት ስለሆነ ድምፅን እየመለሰ በአንዳንድ ነጥቦች ላይ ይሰበስባል፤ ለምክር ቤቱ ይህ ትልቅ ችግር ነበር፤ ተናጋሪው ሳይሰማ የማዶው ወሬ ይሰማል። ከፕሬዚዳንትነት በኋላ እንደራሴ የነበረው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የተኛ እየመሰለ ተቃዋሚዎቹን ያዳምጥ ነበር የሚለው ወሬም ማስረጃ የለውም። ከዚህ በላይ፣ እሱ ከሥሩ የተቀመጠበት ጣሪያ እንጨት ነበር፤ ዛሬ ያለው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እሳት በማይበላው ነገር ተተክቶ የተሠራ ነው።

ጆርጅ ዋሽንግተን በካፒቶል አልተቀበረም። ከክሪፕቱ (ከሮቱንዳው ሥር ካለው ባለ አምዶች ክፍል) በታች መቃብር ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ኑዛዜው ግን በመኖሪያ ርስቱ በማውንት ቨርነን መቀበር ስለሆነ ቤተሰቡ አልፈቀደም። ክፍሉ ባዶ ነው። በስታቹዋሪ አዳራሽና በሌሎቹ ክፍሎች የቆሙት ሐውልቶችም ጽሑፉ እንዳለው ሁሉም የፕሬዚዳንቶች አይደሉም፤ እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሁለት ይልካል፤ በድምሩ 100 ናቸው። ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ማቆም ወለሉን ስለሚከብደው ከ1933 ጀምሮ በሕንፃው ውስጥ ተበትነዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ የተናገሩበት ቦታ

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለሁለቱም ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ንግግር ያደረጉት ሜይ 28 ቀን 1954፣ በእኛ ግንቦት 20 ቀን 1946 ነው። ቦታው ሮቱንዳው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚደረገው በደቡብ ክንፍ ባለው በተወካዮች ምክር ቤት አዳራሽ ነው። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ የምሥራቁ ፊት የተቀየረው ከ1958 በኋላ ስለሆነ፣ በዚያ ቀን ከደጅ የቆመው ገና ጥንታዊው የአሸዋ ድንጋይ ፊት ነበር።

ለመግባት የሚያስፈልገው

ጉብኝቱ ነጻ ነው። ዜግነት አይጠየቅም። ቀን መያዝ የሚቻለው በካፒቶል የጎብኚዎች ማእከል ድረ ገጽ ነው፤ በአሜሪካ የሚኖር ሰው በአካባቢው እንደራሴ ወይም ሴናተር ቢሮ በኩልም መጠየቅ ይችላል። በፀደይና በበጋ ሰው ስለሚበዛ ቀደም ብሎ መያዝ ይሻላል። ማእከሉ በ2008 የተከፈተ ሲሆን፣ የሕንፃውን መልክ እንዳያበላሽ ከምሥራቁ አደባባይ በታች በሦስት ፎቅ ተቆፍሮ የተሠራ ነው። ስለዚህ ወደ ትልልቆቹ ደረጃዎች የሚወጣ ሰው በር አያገኝም፤ ከአደባባዩ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። በባቡር ለሚመጣ ካፒቶል ሳውዝ ወይም ዩኒየን ስቴሽን ይቀርበዋል።

ሰዓቱ ላይ ጽሑፉ ብዙ ሰው ያሳስታል። 8፡30 ብሎ ብቻ አልፏል። ማእከሉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30፣ የሚዘጋው ከቀኑ 10፡30 ነው። ጽሑፉን አንብቦ ከቀኑ 8፡30 የመጣ ሰው እስኪዘጋ የሚቀረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ፍተሻው ደግሞ ራሱን የቻለ ጊዜ ይወስዳል። እሑድ፣ በምስጋና ቀን (የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ)፣ በዲሴምበር 25፣ በጃንዋሪ 1ና ፕሬዚዳንት በሚሾምበት ቀን ዝግ ነው። የእኛ ገና ከዝርዝሩ የለበትም።

በር ላይ ሰውን የሚያስመልሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ምግብና መጠጥ ነው፤ የታሸገ ውኃም፣ ፍራፍሬም፣ ለልጅ የተያዘ ዳቦም አይገባም። ባዶ የውኃ ኮዳ ይዞ ውስጥ መሙላት ይቻላል፤ ለሕፃንና ለሕመም የሚያስፈልግ ነገር በተለየ ይታያል። ሌላው ቦርሳ ነው፤ ወርዱ ከ45፣ ቁመቱ ከ35፣ ጥልቀቱ ከ21 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚበልጥ አይፈቀድም። ከኤርፖርት ሻንጣ ይዞ በቀጥታ የመጣ እንግዳ ማስቀመጫ አያገኝም።

መደበኛው ጉብኝት አጭር ፊልም፣ ክሪፕቱን፣ ሮቱንዳውንና ስታቹዋሪ አዳራሽን ያካትታል። የምክር ቤቶቹን ክርክር ከላይ ሆኖ ማየት ከዚህ የተለየ ነው፤ የራሱ ማለፊያ ይፈልጋል። የአሜሪካ ነዋሪ ከእንደራሴው ቢሮ ይወስዳል፤ ከውጭ አገር የመጣ ሰው ፓስፖርቱን ይዞ በጎብኚዎች ማእከሉ ላይኛ ፎቅ ባሉት የሁለቱ ምክር ቤቶች ጠረጴዛዎች ይጠይቃል። እዚያ ስልክና ካሜራ አይገባም፤ ለጥበቃ ይሰጣል። ወደ ጉልላቱ መውጣት የሚቻለው ደግሞ የኮንግረስ አባል አብሮ ሲወጣ ብቻ ነው።

በክሪፕቱ 40ዎቹን የአሸዋ ድንጋይ አምዶች ያዩ ሰዎች ከቀትር በኋላ ጊዜ ካላቸው፣ ከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማእከል ይሂዱ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ምሥራቃዊው ፊት ሲቀየር ከተነሡት የአሸዋ ድንጋይ አምዶች 22ቱ ከ1990 ጀምሮ በሣር ሜዳው ላይ ቆመዋል። ከላያቸው ጣሪያ፣ ከኋላቸው ግድግዳ የለም። ቀለማቸው ለቋል፤ የሸክላ እንክብሎቹ የቦረቦሯቸው ጉድጓዶች፣ የቀራጮቹም የመሮ ምት በእጅ ይዳሰሳል።